የእርጎ ተራ

በያጁ ጨዋታ የሚባል ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ አይሆንለትም ነበር። ካርታ ሲጫወቱ ያዛጋል፣ ኳስ ሲያዩ እንቅልፉ ይመጣል፣ ዳማ ከተቀመጠ ደግሞ ተሸንፎ ያኮርፋል። ስለዚህ የሚስቱ ታናሽ ወንድም አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኩን አውጥቶ ይቺን ጨዋታ አንዴ ብትሞክራት ሲለው፣ ሥራ የፈታ ስልክ ይነካካል፣ እኔ የምነካካው ብረት አላጣሁም ብሎ መለሰው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሁሉም የባሰበት እሱ ሆነ።

የሚሠሩት አሮጌ ወረቀት እየፈጨ ካርቶን በሚያወጣ ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፣ አንዲት መስኮትና ለዘላለም የማይለቃት የረጠበ ወረቀት ሽታ ነበራት። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። አንዱ በያጁ ነው። ሁለተኛዋ ኤሌክትሪሺያኗ ናት፤ ዕድሜዋ ከሁለቱም የሚበልጥ፣ ምላሷ ከሽቦ መቁረጫዋ የማይተናነስ፣ ሁለቱም «እትዬ» የሚሏት ሴት። ሦስተኛው የሚስቱ ወንድም ሲሆን ስሙን ከደመወዝ ቀን በቀር የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ እርጎ ነው የሚሉት። ገና በተቀጠረ ሰሞን አንዲት ብሎን ለማጥበቅ ቆሞ ሲያስብ ኤሌክትሪሺያኗ አይታው ምነው ልጄ፣ ተኛህ እንዴ ብትለው፣ ፊቱን ሳያነሳ የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል እትዬ አላት። እሷም እንግዲያው ቅቤው እስኪወጣ ድረስ እርጎ ብለንሃል አለችው፤ በዚያው ጸደቀ።

እርጎ ዝግ ያለ ሰው ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። ይህን ሳይረዱ የሚስቁበት ብዙ ነበሩ። እናትና አባቱ ልጅ ሳለ ስለሞቱ ያሳደገችው እህቱ፣ ማለትም የበያጁ ሚስት ናት። እሷ የምትተዳደረው በሰው ልብስ መተኮሻ ቤት የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነው፤ ትንሹ ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ቶሎ በል ብላው አታውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትላለች። ወንድሟ የነካው ነገር ሁሉ ዘግይቶ ያልቃል፣ ካለቀ ግን አይፈርስም፤ በዚህ ትኮራበት ነበር።

ሦስቱ በእርጎ ስልክ የሚጫወቷት ጨዋታ ትንሽ ናት። ስምንት በስምንት የሆነች ሰሌዳ፣ መሐሏ ላይ ጥቂት ቤቶች፣ ዙሪያውን ጫካ። ከጫካው አውሬዎች ይወጣሉ፣ ሦስት ሰዎች ቤቶቹን ይጠብቃሉ፤ አንድ ጦረኛ፣ አንዲት ቀስተኛ፣ አንድ ትልቅ ጋሻ የያዘ ጋሻ ጃግሬ። በቃ፣ ሌላ ነገር የላትም። በያጁን ጠልፋ የያዘችው ይህች ማነሷ ናት። ኑሮ ለእሱ ሁልጊዜ ሰፊና ግራ የገባ ነገር ነበር፤ እዚህ ግን ጣጣው ሁሉ በአንድ መዳፍ ልክ ተጠቅልሎ ፊቱ ተቀመጠለት። ተደብቆ የሚመጣ የለም፣ በዕድል የሚሆን የለም። እንዲያውም አውሬዎቹ የሚመቱበትን ቦታ አስቀድመው ይናገራሉ፤ ሊመታ የተመረጠው ካሬ ቀድሞ ይቀላል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ጠላት ከወዴት ይገኛል? እንኳን ጠላት፣ ወዳጅም ቢሆን ሊመታህ ሲነሳ አይነግርህም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ሰው እስኪያስብ ድረስ ሁሉም ነገር ቆሞ መጠበቁ ነው። ምሳ በልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ተጣልቶና ታርቆ መመለስ ይቻላል፤ አውሬው አፉን እንደከፈተ ይቆያል። ሰውህን ወደፊት አራምደህ፣ አልጣመኝም ብለህ መልሰህ ማምጣት ትችላለህ። ሦስቱም ተጫዋቾች በየተራቸው «ጨረስኩ» የምትለዋን ካልነኩ አውሬው ዝንፍ አይልም። ሦስተኛው ሰው ከነካት በኋላ ግን መመለስ የለም፣ የታሰበው ሁሉ በአንዴ ይሆናል። አንድ ውጊያ ከምሳ ሰዓት አያልፍም፤ ያሸነፈ ደስ ብሎት፣ የተሸነፈም ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር በትክክል አውቆ ይነሳል። በያጁ በሕይወቱ ጥፋቱን እንዲህ ለይቶ አይቶ ስለማያውቅ መሸነፉ እንኳ ይጥመው ነበር።

ጨዋታዋ ለእነሱ እንግዳ ያልሆነችበት ሌላም ምክንያት አለ። የፋብሪካው ትልቁ መፍጫ ጋን አንድ ክፍል ያክላል፤ ሥሩ ላይ ምላጭ ይሽከረከራል። ከወረቀቱ ጋር የሚመጣ ሽቦ ምላጩ ላይ እየተጠመጠመ ሲያቆመው ሦስቱ በመሰላል ገብተው ይቆርጡታል። ከመግባታቸው በፊት ኃይሉ ይጠፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ሲወጡም ሁሉም የየራሱን ይፈታል፤ የመጨረሻው ካልተፈታ ማብሪያው ንቅንቅ አይልም። አዲስ ጓጉንቸር ሲሰጥ ትርፉ ቁልፍ ሞርሳው ላይ ታስሮ፣ ኃላፊው እያየ ይሰበራል። በዚያ ፋብሪካ የሌላውን ሰው ጓጉንቸር መንካት የሰው ሚስት ከመንካት ይብስ ነበር። ኤሌክትሪሺያኗ ይህንኑ ሕግ ወደ ጨዋታዋ አመጣችው። ሰውህ ያንተ ነው፤ የሌላውን ሰው አታንቀሳቅስም፣ «ጨረስኩ»ውንም አትነካበትም።

ሕግን ግን የሚያላላው ጠላት አይደለም፣ ቤተዘመድ ነው።

ጋሻ ጃግሬው የእርጎ ነበር። አንዲት ካሬ ለመራመድ ሰሌዳውን ደጋግሞ ያጠናል። ምሳ ሰዓት እያለቀ፣ ደወሉ ሊደወል እየደረሰ፣ ጋሻ ጃግሬው ከቤቶቹ ጥግ ቆሞ ያስባል፤ በያጁ ከወዲህ ይቁነጠነጣል። መጀመሪያ እዚያ ጋ ሂድ ይለው ነበር፣ ከዚያ በጣቱ ያሳየው ጀመር። የእርጎን አካሄድ ካወቀው ቆይቷል። ሁልጊዜ አንዲት ካሬ ብቻ ይራመዳል፣ ሁልጊዜም በአውሬውና በቤቶቹ መካከል ይቆማል። አንድ ቀን ደወሉ ሲጮህ በያጁ እጁን ሰዶ ጋሻ ጃግሬውን አራመደለትና «ጨረስኩ»ዋን ነካለት። ኤሌክትሪሺያኗ አፈጠጠችበት። እርጎ ግን ሰሌዳውን አየና ሳቀ፤ ጋሼ ልቤን ያውቀዋል፣ እዚያው ነበር የምሄደው አለ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። በያጁ በገመተለት ቁጥር ልቡ ሞቅ ይለዋል፤ ልጁን ከመውደዱ የተነሳ ይመስለው ነበር፣ መውደዱም አልቀረም።

የቁልፉም ነገር በዚሁ መንገድ መጣ። እርጎ ዕቃ ይጥላል። የቤቱን ቁልፍ እየጣለ ስንት ጊዜ በር ስላሰበረ የማንኛውንም ነገር ትርፍ እህቱ ቤት ያስቀምጥ ነበር። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው አዲሱ ጓጉንቸር የተሰጠው ቀን ኃላፊው ስላልነበረ ትርፉን ነገ እንሰብረዋለን ተባለ፤ ነገም እንደ ወጉ ነገ ሆኖ ቀረ። እርጎ የኔን ጋን ውስጥ ብጥለው ሥራ እንዳይቆም ብሎ ለበያጁ ሰጠው። በያጁ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ሰካው። አንድ ሁለቴም ተጠቅሞበታል፤ እርጎ ወጥቶ ቧንቧው ጋ እጁን ሲታጠብ ፈትቶለት ነበር። ምንም አልሆነም። ጥፋት ደግሞ ምንም ሳይሆን ካለፈ ሰው እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል።

ያን ቀን ጋኑ የቆመው ጠዋት ነው። ሽቦው ምላጩን እንደ ቅርጫት ለብሶት ነበር። ካርቶን የሚጠብቅ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል፣ የፈረቃ ኃላፊው ከላይ ካለው መተላለፊያ ሆኖ አንዴ መኪናውን አንዴ ሰዓቱን ያያል። ሦስቱ ቆልፈው ገቡ። ቆረጡ፣ ጎተቱ፣ ሽቦውን በገመድ አስወጡ፤ እጃቸው ተላጠ። መጀመሪያ የወጣችው ኤሌክትሪሺያኗ ናት፤ ጓጉንቸሯን ፈትታ ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው የኤሌክትሪክ ክፍል ሄደች። በያጁ ተከተለ። ከእሱ ኋላ እርጎ ወጣ፤ በያጁ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል። ወደ ቧንቧው የሚወስደውን መንገድ ሲጀምርም አይቶታል። ይህ እውነት ነው።

በያጁ የራሱን ፈታ። ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ኃላፊው ከላይ ሆኖ ምን እንደሚጠብቁ ጠየቀ። በያጁ ከቆመበት ቧንቧው አይታየውም፣ የጋኑ አፍም ከጀርባው ነው፣ ግን ማየት አላስፈለገውም። እርጎ አሁን ሳሙናውን በእጁ ያዞራል፣ ክርኑ ድረስ ይታጠባል፣ ውሃውን ያራግፋል፣ ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ይመጣል። አንዲት እርምጃ ናት የቀረችው፣ እሷንም ያውቃታል። ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ፣ ሰማያዊውን ፈታለት፣ ለኃላፊው እጁን አነሳና ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው።

እርጎ ቧንቧው ጋ አልነበረም። ከመንገድ ተመልሷል። በያጁ መዶሻውን ጋኑ ውስጥ ረስቶት ነበር፤ ምላጩ ቢያገኘው ተሰብሮ የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ውሃ ይበላዋል፣ በያጁም ከኃላፊው ጋር ይጋጫል። እርጎ ጓጉንቸሩ ማብሪያው ላይ እንዳለ ያውቃል። እሱ ሳይፈታው ማንም እንደማያበራ፣ ዓለም ሁሉ ቆሞ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ አልቸኮለም፣ ለማንም አልተናገረም። ጋሼ በሰው ፊት እንዳያፍር፣ የረሳውን ሊያነሳለት ተመልሶ በመሰላሉ ወረደ።

ጋኑ ውስጥ የሆነው አይነገርም። ኤሌክትሪሺያኗ ከዚያኛው ክፍል ሆና ኃይሉን የቆረጠችው ድምፁን ሰምታ ነው። መዶሻውን በኋላ አወጡት፤ እጀታው ላይ በያጁ ራሱ የቀረጸው ምልክት ነበረበት።

መርማሪዎች መጡ። የእርጎ ጓጉንቸር ተፈትቶ ከማብሪያው ጎን ተንጠልጥሏል፣ የእርጎ ቁልፍ በእርጎ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ ኃላፊው ከላይ ያየው የተነሳ እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጁ ራሱ ፈትቶ፣ የተረሳ መዶሻ ትዝ ብሎት ተመልሶ ገብቷል ተባለ። በያጁን እንዲህ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አፉን ሲከፍት ኃላፊው ቀደመውና ልጁ ልቡ የማይሰበሰብ፣ በቁሙ የሚተኛ ሰው እንደነበር ተናገረ። በያጁ እነሱን ሳይሆን ጫማቸውን እያየ አዎ አለ። ነገ እናገራለሁ ብሎ ነበር በልቡ፤ ከዚያ ቀብር ሆነ፣ ከዚያ አስተዛዛኝ በዛ፣ ከዚያ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለው።

ሆዱ ግን አልፈጀውም። በፋብሪካው የእርጎ ስም የቸልተኛ ስም ሆነ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ጋኑን እያሳዩ እንደ እርጎ እንዳትሆን ይሉት ጀመር። በያጁ ይህን እየሰማ ብረቱን ይበይዳል። በሕይወቱ እንደዚያ ልጅ የተጠነቀቀ ሰው አላየም፤ የገደለውም እሱ ነው፣ ያሰደበውም እሱ ነው።

ኤሌክትሪሺያኗ ምሳዋን ሌላ ክፍል መብላት ጀመረች። አንድ ቀን ብቻዋን አግኝቷት ለምን እንደምትሸሸው ጠየቃት። እሷም የያዘችውን ሽቦ ጠቅልላ ጨረሰች።

«እኔ ያላየሁትን አልናገርም» አለችው። «ያየው ሰው ይናገር። እኔ የማውቀው ያ ልጅ የፈታውን ነገር መልሶ እንደማይቋጥር ነው።»

በያጁ መጫወቱን አልተወም፣ እንዲያውም ባሰበት። ጨዋታዋን በራሱ ስልክ ላይ አስገብቶ ብቻውን ሦስቱንም ሰዎች ያንቀሳቅሳል። አውቶቡስ ሲጠብቅ ይጫወታል፣ ሽንት ቤት ገብቶ ይጫወታል፣ የብየዳ መከላከያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሥራ የያዘ እየመሰለ ይጫወታል። የሚፈልገው ማሸነፍ አልነበረም። ሦስተኛዋ «ጨረስኩ» ከመነካቷ በፊት ያለችዋን ጊዜ ነበር የሚፈልገው። ካሬው ቀልቷል፣ አውሬው አፉን ከፍቷል፣ ጋሻ ጃግሬው ግን በቦታው ቆሟል፣ ምንም አልነካውም። እሷ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ስልኩ በእጁ ውስጥ እስኪሞቅ ያያታል፣ ከዚያ ሳይነካት ያጠፋዋል። በቀኑ ውስጥ ትንፋሹ የሚመለስለት እዚያች ላይ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ደግሞ አንድ ነገር አልዋጥ ብሏታል። የወንድሟን መሞት ዋጠችው፣ ሌላ ምን ታደርጋለች? ያልዋጠችው አሟሟቱን ነው። ካውያውን ሸሚዝ ላይ እንደያዘች ሐሳብ ይወስዳትና የሰው ልብስ ታቃጥላለች። ወንድሜ ጓጉንቸሩን ከፈታ ጨርሷል ማለት ነው ትላለች፤ የጨረሰውን ነገር መልሶ የማይጀምር ልጅ እንዴት ያን ቀን ብቻ ሌላ ሰው ይሆናል? አስተዛዛኞቹ ቀኑ ደርሶ ነው ይሏታል። ቀኑ ደርሶ መሞቱን አልጠላሁም፣ ባልሠራው ሥራ መሰደቡን ነው የጠላሁት ብላ ትመልሳለች። ባሏን ለመነችው። አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ፣ ሂድና ልጁ እንዲህ አልነበረም በላቸው፣ ስሙን አጥራልኝ አለችው። እሺ ይላታል፣ ነገ ይላታል። ነገ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ሲገባ መራራ ሆኖበት ነበር፣ ግን ይለዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የወንድሟን ስልክ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ኃይል ሞልታዋለች፣ መስታወቱንም ጠርጋዋለች።

«ይቺን ነገር አሳየኝ» አለችው። «ምን ነበር የሚያይባት? ምሳውን እንኳ እየተወላት ነበር።»

በያጁ ሌላ ቀን ብሎ ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው። ተቀመጠ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰሌዳዋን ዘርግቶ ሁሉን አሳያት፤ ቤቶቹን፣ ጫካውን፣ የሚቀላውን ካሬ። ከሦስቱ ሰዎች የቱ የወንድሟ እንደነበር ጠየቀችው። ነገራት። ጋሻ ጃግሬውን እሷ ያዘች፣ ሁለቱን ለእሱ ተወችለት።

መጀመሪያ ጣቷ ስልኩን እንደሚፈጅ ነገር ይፈራው ነበር። ቀስ በቀስ ለመደችው። አንዲት ካሬ ወደፊት ታራምደዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታመጣዋለች፣ ትተክዛለች። በያጁ አጎንብሳ ስታስብ የግንባሯን መኮማተር አየ፤ ያው የእርጎ ግንባር ነው፣ ያው ዝምታ ነው።

«እስካስብ ድረስ ሁሉም ይጠብቀኛል ማለት ነው?» አለችው።

«ይጠብቅሻል።»

«ማንም አይነሳም?»

«አንቺ ጨረስኩ እስክትዪ ማንም አይነሳም።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ለወንድሜ ተብላ የተሠራች ናት» አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በእጅጌዋ ጠረገችውና ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች።

ጨዋታው ደህና ሄደ። አንድ አውሬ ገደሉ፣ አንዱን ወደ ጫካው ገፉት። ሦስተኛው ግን ከጥጉ ቤት ፊት ለፊት ወጣና ቤቱ ያለበት ካሬ ቀላ። በያጁ የሁለቱን ሰዎች ተራ ጨረሰ። የእሷ ቀረ። ጋሻ ጃግሬው አንዲት ካሬ ወደ ጎን ቢል ቤቱን ይሸፍነዋል፤ ማንም የሚያየው ነገር ነው። እሷ አየችው አላየችው አይታወቅም፣ ታስባለች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከጎረቤት ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል። በያጁ እግሩን ማወዛወዝ ጀመረ። ደወል የለም፣ ኃላፊ የለም፣ በር ላይ የቆመ መኪና የለም፣ እሑድ ነው። ሆኖም እጁ ሄደ። ጋሻ ጃግሬውን ወደ ጎን አራመደውና «ጨረስኩ»ዋን ነካት።

ሚስቱ ሰሌዳውን አላየችም። ያየችው ጣቱን ነው።

«እኔ አልጨረስኩም» አለች።

«እዚያው ነበር የምትሄጂው።»

«ነበር። ግን አልጨረስኩም።»

ጣቱን ሰበሰበ። እሷ ግን ጣቱ የነበረበትን ቦታ ማየቷን አላቋረጠችም። ነገሩ በእሷ ዘንድ ቀስ እያለ ሲመጣ በያጁ ያየው ነበር፣ የሚያስቆምበት መንገድ ግን አልነበረውም።

«እሱንም እንዲህ ታደርገው ነበር?» አለችው።

አንዳንዴ አላት። ደወል ሲደርስ ነው፣ እሱም አይከፋውም፣ ይስቅ ነበር አላት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ተናገረው። እሷ ሁሉንም እስኪጨርስ ሰማችው። በያጁ ብርጭቆዎቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«የሱ ትርፍ ቁልፍ ሁሉ ያለው እዚህ ቤት ነው» አለች፣ አንድ አንድ ቃል እያወጣች። «የቤቱም፣ የሣጥኑም። የጓጉንቸሩስ?»

ተሰብሯል ቢላት ያልቅ ነበር። በዚያ ፋብሪካ የተሰበረ ቁልፍ ሞልቷል፣ ማን አንድ በአንድ ይቆጥረዋል? ቃሉ አፉ ድረስ መጣ። ሚስቱ ግን እየጠበቀችው ነበር፤ ሳትቆጣ፣ ሳትገፋው፣ ወንድሟን ስታሳድግ እንደጠበቀችው ነበር የጠበቀችው። ከዚህ ይልቅ ብትጮህበት በቀለለው።

«እኔ ጋ ነበር» አላት። «የፈታሁት እኔ ነኝ። እጁን የሚታጠብ መስሎኝ። እሱ ግን የረሳሁትን መዶሻ ሊያወጣልኝ ተመልሶ ነበር።»

አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቁልቁል አየቻቸው፤ ጣቶቿ በካውያ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ ናቸው። በያጁ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፣ ደግሞ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ጠርተኸው ነበር?» አለችው። «ከማብራትህ በፊት። ስሙን።»

እርጎ ሲጠሩት ይመልስ ነበር። ይዘገያል እንጂ ይመልሳል፤ «አለሁ» ይላል። ጋኑ ውስጥ ሆኖ ቢጠራው ድምፁ ከዚያ ይመጣ ነበር። ጥሪው ቁልፉን ከኪስ አውጥቶ ጓጉንቸሩ ውስጥ የመክተት ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም። በያጁ ይህን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ አልጋው ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የብየዳው መከላከያ ሥር ሆኖ ስሙን ስንት ጊዜ ጠርቶታል። ያን ጊዜ ግን ያላየውን ያየ መስሎት ነበር።

«አልጠራሁትም» አለ። «የት እንዳለ የማውቅ መስሎኝ።»

ሚስቱ ተነሳች። ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አንስታ ተከናነበች፣ ጫማዋን አደረገች።

«ተነሳ» አለችው። «ፋብሪካው ዛሬም ፈረቃ አለው፣ ስሙን የሚያጠፉት ሰዎች እዚያ ናቸው። እነሱ ፊት ቆመህ ትናገራለህ፣ እኔም እሰማለሁ። የወንድሜ ስም ዛሬ ይጠራል።»

በያጁ ተነሳ። እሺ አላት። መናገሩን እናገራለሁ፣ ከዚያ በኋላስ አንቺ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ አሳፈረው፣ ግን ወጣ።

«ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም» አለች። «አንተም አታውቀውም።»

በሩን ከፍታ ወጣች። በያጁ ተከተላት። መንገዱ የእሑድ መንገድ ነው፣ ሱቆቹ ገርበብ ብለዋል፣ ሰው አልበዛበትም። እሷ ከፊት ከፊቱ ትሄድ ነበር፣ ረጋ ብላ። ወደ ኋላ ትዞር እንደሆነ፣ መታጠፊያው ጋ ቆማ ትጠብቀው እንደሆነ ከጀርባዋ ሊያነብ ሞከረ። አልቻለም።